ጥፋተኛውን ከመፈለግ አስቀድሞ ጥፋቱን መፈለግ

በየወሩ በዚህ ገጽ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ነገር እያነሣን መነጋገር ልማዳችን ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት በአንድ ጥግ ተቀምጣ ትንንሽ መብራቶቿን ስታጠቅስ የምትውለውን የኢንተርኔት ሣጥን የሚመለከት ነው። ሣጥኒቱ ስትታወክ ምርመራው ከምን ተጀምሮ በምን እንደሚጨረስ እንናገራለን። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በዚህችው ሣጥን ሰበብ አንድ የሰው ልጅ ከማደሪያው ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት በዓይናችን ስላየን፥ በቸልታ ልናልፈው አልወደድንም።

በሠፈራችን የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው የገፋ፥ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተሰናበቱ አንድ አባት አሉ። ሴት ልጃቸው በአሜሪካ አገር ስትኖር፥ በየእሑዱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እናት አባቷን በስልክ መልክ ለመልክ እያየች ታነጋግራቸዋለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን መልኳ በንግግር መካከል ደርቆ ይቀራል፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል፤ በመጨረሻም ጥሪው ይጠፋል። እናቲቱ፥ «ልጄ ሰለቸችን፤ ስልኩን እየዘጋችብን ነው» እያሉ እስከ ማልቀስ ደረሱ። አባት ደግሞ ሌላ ጠረጠሩ። በግቢያቸው ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዱን ተከራይቶ የሚኖር፥ ከገጠር መጥቶ 12ኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለ። «መሥመራችንን በስውር የሚስብብን እርሱ ነው፤ ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ አይቼ አላውቅም» አሉ። የዘመዳቸውም ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣና ከሣጥኒቱ ጋራ የተያያዙትን ዕቃዎች ዝርዝር ቢያወጣ 7 ሆነው ተገኙ፤ የቤቱ ሰዎች የሚያውቋቸው ግን 4 ብቻ ነበሩ። እነሆ ማስረጃ ተገኘ ተባለ፤ ተማሪውም በወሩ መጨረሻ ክፍሉን እንዲለቅ ተነገረው። የመልቀቂያ ፈተናው ሊደርስ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ እኛ የመጡት። «መምህር፥ ልጁ እስኪወጣ ድረስ እንዳይስብብኝ መሥመሩን ይቆልፉልኝ» አሉን። እኛም፥ «አባባ፥ መቆለፉስ አይከብድም። ነገር ግን የሚያፈሰው ጣራው ከሆነ በሩን ብንቆልፈው ቤቱ አይደርቅም። አስቀድመን የሚያፈሰው በየት በኩል እንደ ሆነ እንይ» ብለን መለስንላቸው። ፈቀዱልን፤ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ሄድን።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ስለ ሣጥኒቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሰው ሁሉን ነገር ጠቅልሎ «ዋይፋይ» ይለዋል፤ ሥራው ግን ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ከአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ተነሥቶ እስከ ቤታችን የሚደርሰው መሥመር ነው። ሁለተኛው ራውተር የሚባለው ሲሆን፥ ለእያንዳንዱ ስልክና ኮምፒዩተር የቁጥር አድራሻ እየሰጠ መልእክቱን ወደየባለቤቱ የሚያደርስ ነው። ሦስተኛው አክሰስ ፖይንት ይባላል፤ በገመድ የመጣውን ወደ ራዲዮ ሞገድ ለውጦ በአየር የሚያሠራጨውና ከአየርም የሚቀበለው እርሱ ነው። በመኖሪያ ቤት እነዚህ ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ሣጥን ውስጥ ይጠቃለላሉ፤ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ግን አክሰስ ፖይንቱ ለብቻው ከጣራ ሥር ተሰቅሎ ይታያል። እንግዲህ «ዋይፋዩ ተበላሸ» ማለት ለሐኪም «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። ሐኪሙ የትኛው ብልት እንደ ታመመ መጠየቁ አይቀርም።

የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ መጠየቅ ነው። ማንኛውም ቤተ ሰብ ሣጥኒቱን ከመነካካቱ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፎ ይመልስ። ችግሩ በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም? በአንድ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ በቤቱ ሁሉ? ዘወትር ነው ወይስ በታወቀ ሰዓት? ከመቼ ጀምሮ ነው፥ በዚያን ጊዜስ በቤቱ ውስጥ ምን ነገር ተለወጠ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን ስንት ድካም እንደሚያስቀር ከራሳችን ትምህርት ቤት አንድ ምሳሌ እናምጣ። አንድ ጊዜ አንዱ ኮምፒዩተር ብቻ አብዛኞቹን የኢንተርኔት ገጾች አልከፍትም ብሎ አስቸገረ። አክሰስ ፖይንቱ ወርዶ ተፈታ፤ ገመዱም ተለወጠ፤ የተገኘ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ስናየው፥ ቀኑን ያስተካከለው ሰው ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቈጣጠር አስገብቶት ኖሯል። ኮምፒዩተሩ ግን የሚቈጥረው በአውሮፓውያን ስለ ሆነ፥ ራሱን ከ7 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወስዶ አስቀመጠ። ጥብቅ ገጾች የሚያቀርቡት የማረጋገጫ ወረቀት የሚጸናበት ቀን ተወስኖ ስለሚሰጥ፥ ለዚያ ኮምፒዩተር ሁሉም ገና ያልደረሰ ወረቀት ሆነበት። በሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ችግር እንደሌለ አስቀድመን ብናስብ ኖሮ፥ ምስኪኑን አክሰስ ፖይንት ከጣራ ባላወረድነውም ነበር።

ወደ ጎረቤታችን ቤት እንመለስ። የሰጡን መልስ ይህ ነው። ችግሩ በስልኮቹ ሁሉ ላይ ነው፤ በሳሎን ይሻላል፥ በመኝታ ቤት ይብሳል፤ ቀን ደኅና ሲሆን ማታ ይጠፋል፤ የጀመረውም ለፋሲካ ቤቱ ቀለም ከተቀባ ወዲህ ነው። በዚህ ጊዜ ልባችን ወደዚያ ቀለም ቅብ አዘነበለ፤ ነገር ግን ጥርጣሬ ፍርድ አይደለምና ፈተናውን በተራ ቀጠልን።

ሁለተኛው ሥራ የውጭውን ከውስጡ መለየት ነው። ይህንንም ያደረግነው ችግሩ በሚታይበት ሰዓት፥ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ማታ የሚታመመውን በጠዋት ቢመረምሩት ጤነኛ ሆኖ ይገኛልና። ላፕቶፓችንን በኬብል ከሣጥኒቱ ጋራ አገናኘን። ፒንግ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ኮምፒዩተሩ ትንሽ መልእክት ይልካል፥ ወዲያ ያለውም «አለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ በመካከሉ ያለፈው ጊዜ በሺሕኛ ሰከንድ ይቈጠራል። አስቀድመን ወደ ሣጥኒቱ ወደ ራሷ ላክን፤ አድራሻዋ በብዙ ቤት እንደሚገኘው 192.168.1.1 ነበር። ቀጥለን ከአገር ውጭ ወዳለው 8.8.8.8 ወደሚባለው የታወቀ አድራሻ ላክን። በሦስተኛው በቁጥር ሳይሆን በስም የሚጠራ ገጽ ከፈትን። ከላክናቸው 100 መልእክቶች 100ውም ተመለሱ፤ ገጹም ተከፈተ።

የእነዚህ ሦስት ፈተናዎች ትርጉም ይህ ነው። ሣጥኒቱ ራሷ ካልመለሰች ጥፋቱ በቤት ውስጥ ነው። ሣጥኒቱ መልሳ የውጭው ካልመለሰ፥ ከቤት ውጭ ያለውን መሥመር መጠርጠርና ለድርጅቱ መደወል ይገባል። ሁለቱም መልሰው በስም የሚጠራው ብቻ እንቢ ካለ፥ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጕመው ዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት ታውኳል። አንዱ ስልክ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ይዞ ቢገኝ ደግሞ፥ ከሣጥኒቱ አድራሻ አጥቶ ለራሱ የሰጠው መሆኑን ያመለክታል።

እንግዲህ መሥመሩ እስከ ሣጥኒቱ ድረስ ደኅና እንደ ሆነ ታወቀ። ኬብሉን ነቅለን በመኝታ ቤት ተቀምጠን ያንኑ ፈተና በአየር ደገምነው። ከ100ው 23ቱ ሳይመለሱ ቀሩ፤ የተመለሱትም አንዱ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ ነበር። ሽማግሌው በትከሻችን አሻግረው ሲመለከቱ፥ «ታዲያ ልጁ ነዋ!» አሉ። «አባባ፥ ልጁ መሥመሩን ቢስብ ኖሮ በኬብሉም ላይ መጨናነቁ ይታይ ነበር። ያየነው ግን ሕመሙ በአየሩ መንገድ ላይ መሆኑን ነው» አልናቸው። ዝም አሉ።

ሦስተኛው ሥራ የሞገዱን ኃይል መለካት ነው። የዋይፋይ የመጀመሪያው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ በቤታችን በብዛት የሚሠራበት የሞገድ ስፍራ ሁለት ነው፤ አንደኛው 2.4 ጊጋኸርዝ፥ ሁለተኛው 5 ጊጋኸርዝ ይባላል። የፊተኛው ሞገድ ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን ግድግዳን በማለፍ ይበረታል፤ የኋለኛው 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፥ ብዙ ይሸከማል፥ ነገር ግን በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። ኃይሉን የሚያሳዩ ፕሮግራሞች በስልክ ላይ ይጫናሉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሚጻፍ፥ ወደ ዜሮ የቀረበው ይበልጣል፤ ከዜሮ በታች 50 መልካም ነው፥ 67 ለድምፅና ለምስል ጥሪ ይበቃል፥ 80 ግን ለስሙ ብቻ ነው። በ50ና በ80 መካከል ያለው ልዩነት በስልኩ ላይ ሁለት ወይም ሦስት መሥመር መስሎ ቢታይም፥ በኃይል የ1,000 እጥፍ ልዩነት ነው። በመኝታ ቤት ያገኘነው 79 ነበር።

«ሣጥኒቱ ከቀለሙ በፊት የት ነበረች?» ብለን ጠየቅን። በኮሪደሩ ላይ ከራስ በላይ ባለች መደርደሪያ ነበረች፤ ቀለም ቀቢዎቹ ሲያወርዷት፥ ገመዱ ለዓይን አያምርም ተብሎ ከቡፌው ታችኛ ክፍል ገባች። ቡፌውን ብንከፍተው በስተኋላዋ መስታወት፥ በስተፊቷ የብረት ትሪዎች ቆመው፥ በላይዋ ቴሌቪዥኑ ተቀምጦ ተገኘች። ብረት ይህን ሞገድ ይመልሰዋል፤ በመስታወት ጀርባ የተቀባው ስስ ብረትም እንዲሁ ነው፤ ውኃ የሞላበት በርሜል ደግሞ ይውጠዋል። ቆርቆሮ ግድግዳና ወፍራም የድንጋይ ግንብም ታላቅ መሰናክል ናቸው። ሣጥኒቱን ወደ ቀድሞ ስፍራዋ መለስናት፤ የመኝታ ቤቱ ቁጥር ከ79 ወደ 58 መጣ። ፈተናውን ስንደግመው የጠፉት መልእክቶች ከ23 ወደ 9 ወረዱ። መሻሻል ነው፤ ፈውስ ግን አይደለም። ልብ ይሏል፥ በአንድ ጊዜ የለወጥነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ላይ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ፈወሰው ሳያውቅ ይቀራልና።

አራተኛው ሥራ የጎረቤትን ድምፅ ማዳመጥ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ስፍራ 13 ያህል ቻናሎች ተቈጥረው ተሰጥተዋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን፥ አንዱ ሣጥን ሲናገር ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስፍራ ይይዛል። ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ ሳይደራረብ ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉት 3 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 1፥ 6 እና 11 ናቸው። በሠፈሩ የሚሰሙትን ሣጥኖች በስልካችን ስንቈጥር 14 አገኘን፤ የሚበዙት በ1ና በ6 ላይ ነበሩ። የእኛይቱ ግን፥ ማን እንዳደረገው ሳይታወቅ፥ በ3 ላይ ተቀምጣ ነበር። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ሣጥኖች እርስ በርሳቸው እየተደማመጡ ተራ ይጠባበቃሉ፤ በመካከል የተሰነቀረው ግን ከሁለቱም ወገን ጫጫታ እንጂ ቃል አይሰማም። ማታ የሚብስበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ገብቶ መሥመሩን ይከፍታልና። ቻናሏን ወደ 11 ለወጥናት። ከ100ው መልእክት የጠፋው 1 ብቻ ሆነ።

ሽማግሌው በዚህ ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲያስ እነዚያ 7ቱ? ሦስቱ የማን ናቸው?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

አምስተኛው ሥራ እንግዲህ ዝርዝሩን መመርመር ሆነ። የቤቱን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያጠፋን ከዝርዝሩ የትኛው እንደሚወጣ ተመለከትን። 3 ስልኮችና ቴሌቪዥኑ ታወቁ። አምስተኛው ለልጅ ልጆች መጫወቻ ተብሎ በመሳቢያ ውስጥ ኃይል እየተሞላ የሚቀመጥ አሮጌ ስልክ ሆኖ ተገኘ። ስድስተኛው የእናቲቱ ስልክ የቀድሞ አድራሻ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2019ና ከ2020 ወዲህ የወጡት የአንድሮይድና የአይፎን ሥርዐቶች የባለቤቱን ምሥጢር ለመጠበቅ ሲሉ ከፋብሪካ የተሰጣቸውን የመታወቂያ ቁጥር ሠውረው በሌላ ቁጥር ይቀርባሉ፤ አንዳንድ ሣጥኖችም አሁን የተያያዙትን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ አድራሻ የወሰዱትን ጭምር ይዘረዝራሉ። ስለዚህ አንድ ስልክ ሁለት ሰው መስሎ ሊታይ ይችላል። ሰባተኛውን ፈልገን አጣነው። ኋላ ግን የዘመዳቸው ልጅ በዚያ ቀን ዝርዝሩን ያወጣበት ላፕቶፕ ትዝ አለን። ደውለን ቁጥሩን ብንጠይቀው ያው ሆነ። ሌባውን ሲቈጥር ራሱን ቈጥሮ ኖሯል።

ተማሪው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጠራነው። ሳንጠይቀው ስልኩን ከፍቶ አሳየን፤ የቤቱ መሥመር በስልኩ ተመዝግቦ አያውቅም። ሌሊት የሚነሣው ደግሞ የሌሊቱ ጥቅል በዋጋ ስለሚረክስ፥ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ትምህርቱን ሊከታተል ነበር። «ሌሊት መብራቱ አይጠፋም» የተባለው እውነት ነበር፤ ፍቺው ግን ሌላ ሆነ።

ከዚህ ላይ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ሣጥኒቱን ከኃይል ነቅሎ ጥቂት ቈይቶ መልሶ መሰካት ጉዳት የለውም፤ ብዙ ጊዜም ይረዳል። በስተኋላዋ ባለችው ቀጭን ቀዳዳ መርፌ አስገብቶ መጫን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ድርጅቱ ያስገባውን የመግቢያ ስምና ቃል ሳይቀር ደምስሶ እንደ ፋብሪካ አዲስ ያደርጋታልና፥ እነዚህ በወረቀት ሳይያዙ አይነካ። መሥመር መሰረቁን በእውነት የሚጠረጥር ሰውም ቢሆን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጥበቃውን እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ደብሊውፒኤ2 ወይም በ2018 በወጣው ደብሊውፒኤ3 አድርጎ የይለፍ ቃሉን ይለውጥ። ያን ጊዜ ሳይፈቀድለት የገባ ሁሉ ይወጣል። ይህ ያለ ክስ፥ ያለ ስድብ፥ በጥቂት ደቂቃ የሚፈጸም ነው። ቃሉ ተለውጦም ችግሩ ካልተወገደ፥ ጥፋቱ ከሌላ ስፍራ እንደ ሆነ ይታወቃል። ለድርጅቱ የሚደውልም ሰው «አይሠራም» ብቻ አይበል። በኬብል ተፈትኖ እንደ ሆነ፥ የትኛው መብራት እንደ ጠፋ፥ በስንት ሰዓት እንደሚብስ ቢናገር፥ ሠራተኛው መጀመሪያውን ከየት እንደሚይዝ ያውቃል።

የእሑዱ ጥሪ በሰዓቱ መጣ። ልጂቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ስትነጋገር መልኳ አንድ ጊዜም አልደረቀም፤ እርስዋም በበኩሏ፥ «እኔ እኮ እናንተ እየዘጋችሁብኝ መስሎኝ ነበር» ብላ እንደ ነበር ነገሩን። ስንት ቤት በእንዲህ ያለ ነገር ተቀያይሟል!

በማግሥቱ ሽማግሌው ብቻቸውን ወደ ሰርቪሱ ክፍል ሄደው በሩን አንኳኩ። ልጁ ዕቃውን በከፊል ሰብስቦ አገኙት። «ልጄ፥ ሳላጣራ ፈረድሁብህ፤ ይቅር በለኝ» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፥ «አባባ፥ እርስዎ እኮ አባቴ ነዎት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ሽማግሌውም ከኪሳቸው ትንሽ ወረቀት አውጥተው ሰጡት። በእጅ ጽሕፈታቸው የተጻፈው አዲሱ የይለፍ ቃል ነበር። «ከእንግዲህ የሌሊቱን ጥቅል ተውና በማታ አጥና፤ እንቅልፍም ለፈተና ያስፈልጋል» አሉት። ክፍሉንም አልለቀቀም።

እንግዲህ ውድ አንባቢ ሆይ፤ በቤትዎ ያለችው ሣጥን ስትታወክ፥ ማን አደረገው ከማለት በፊት የት ነው ይበሉ። በአንድ ዕቃ ነው ወይስ በሁሉም፥ በኬብሉ ነው ወይስ በአየሩ፥ በቀን ነው ወይስ በማታ ብለው በተራ ይጠይቁ፤ አንድ ነገር ለውጠው ይፈትኑ፤ ያገኙትንም ይጻፉ። ሰውን መጠርጠር ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይሁን። ሣጥን ብትበላሽ ሌላ ትገዛለች፤ በሐሰት የተጠረጠረ ሰው ልብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠገንም።